ወይኒቱ ብለሽ የሰየምሽው አይብ

ቡሬ ዙሪያ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ በቸርነቱ ከነልጆቼ አለሁ። ደህንነት መጠየቅ የአባታችን ቤት ወግ ነውና እጠይቅሻለሁ፤ እንደምን ከርመሻል? ባሕር ማዶ ደርሶ መመለሱስ አላደከመሽም ወይ? መልሱን ግን ከላክሽው ፎቶግራፍ ላይ አይቼዋለሁ። ወፍረሻል፤ ፊትሽም ጠርቷል። ስለዚህ ከጤናሽ ልለፍና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ደብዳቤሽን ነጋዴዋ ስመኝ አድርሳልኛለች። ከአዲስ አበባ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ሦስት ቀን ውላ አድራ፣ ቡሬ ገበያ ላይ ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሰው ፊት አልከፈትሁትም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ደውዬ ልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እዚህ ስልክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ተወጥቶ ነው፣ ጉብታው ላይ ደግሞ ሰው አይጠፋም። የምነግርሽ ነገር ጎረቤት የሚሰማው አይደለም።

ፎቶግራፉ ላይ ነጭ ካፖርት ለብሰሽ፣ ነጭ ቆብ ደፍተሽ፣ ክብ አይብ እንደ ሕፃን ታቅፈሽ ቆመሻል። ከኋላሽ ያለው መደርደሪያ ጣራ ይነካል። የአርባ አገር አይብ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ነበር ትያለሽ። የጣሊያኑ እንደ ድንጋይ ደርቆ በስለት ሲፈለጥ፣ የፈረንሳዩ ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ ሻጋታ እንደ ክር ሲሄድ፣ የቆጵሮሱ ምጣድ ላይ ተጠብሶ ሳይቀልጥ ሲወጣ አይተሻል፤ ከሁሉም ቀምሰሻል። መልካም ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል የኢትዮጵያ ተብሎ የቀረበው ያንቺ ነው። ስሙንም ወይኒቱ ብለሽዋል። ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁሽ የቤታችን ላም ስም ነው ብትያቸው፣ ፈረንጆቹ በጣም ወደዱት።

እኔ አልወደድሁትም። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የላም ስም አለ፤ የኔን ላም ስም ማን ሰጥቶሽ ነው አይብ ላይ የለጠፍሽው? አባታችን መሪጌታ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ይህን ስም ይፈቱልሽ ነበር። ሰሙ ላም ነው፣ ወርቁ ደም ነው ይሉሽ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ አንድ ጡት ጠብተን እንዲህ መለያየታችን ይገርመኛል።

ያን የካቻምና ሁዳዴ ነገር አንቺ በሚመችሽ መንገድ ጽፈሽዋል። «ያኔ መንገድ ጠፋኝ» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ደግሞ እንደሆነው ልጻፍልሽ፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ ይኑር።

ባሕር ዳር ሆቴል ወጥ ቤት አራት ዓመት ሠርተሽ፣ አዲስ አበባም አንድ ፈረንጅ ባቋቋመው አይብ ቤት ተምረሽ የመጣሽው መስከረም ላይ ነበር። እኛ አሥራ ሁለት ሴቶች የወተት ማኅበር አለን። ሰብሳቢያችን እንቁ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሁለት ላሞቿ ማንንም ሳታስቸግር የኖረች፣ ስትስቅ ከወንዝ ማዶ የምትሰማ ሴት። ችግራችን ጾሙ ነበር። ላም ሁዳዴ ገብቷል ብላ ወተቷን አትከለክልም። ቅቤው ይቆያል፤ አይቡ ግን ሳምንት አይሞላውም፤ ይኮመጥጣል። አሬራውን ለውሻ እየደፋን ነበር ፋሲካን የምንጠብቀው። አንቺ እንቁ ግቢ ከመካከላችን ቆመሽ፣ ይህ ወተት ፋሲካን ቆሞ መጠበቅ ይችላል አልሽን።

እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ኮርቼብሻለሁ። ሆላንዶች አይባቸውን እንደ ጋሪ እግር አክብበው ዓመት ሙሉ ሲያገላብጡት፣ ስዊዞች ውስጡ ቀዳዳ ካላወጣ ሲያዝኑ፣ ሞንጎሎች ጣራ ላይ አድርቀው ስንቅ ሲይዙት፣ አንድ ደሴት ላይ ደግሞ ትል የፈላበትን አይብ እንደ ብርቅ ሲበሉት አወራሽልን። እንቁ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስንቱን ብርቅ ነው ለውሻ የደፋሁት አለች። እኔም እህቴ ናት እያልሁ ከጎንሽ ተቀመጥሁ።

ከእንቁ ቤት ጀርባ በድንጋይና በጭቃ ቀዝቃዛ ክፍል ሠራን። ቁልፉ እንቁ አንገት ላይ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሥራው ጠና። ጾም ነውና ሳንቀምስ ነው የሠራነው፤ መርጋቱን በጣት፣ ጨው መግባቱን በዓይን፣ መብሰሉን በአፍንጫ። ባሕር ዳር ያለው ሆቴል ለፋሲካ ስልሳ ክብ አይብ አዞን ነበር። ሌሎች ሁለት ሆቴሎችም ይህን አይተው ሊያዙን ይጠብቁ ነበር። አሥራ ሁለት ቤት ዓይኑን እዚያች ክፍል ላይ ጥሏል።

ወተቱን የሚያረጋው ዱቄት ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣው። ይህ ነገር ከከብት ሆድ የሚወጣ እንዳይሆን ብላ እንቁ ስትጠይቅሽ፣ ከሻጋታ ነው የሚሠራው ብለሽ ማልሽላት። ውሸት አልነበረም፤ ዱቄቱ እስካለ ድረስ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ዱቄቱም ቀረ። በዚያው በመፃጉዕ ሳምንት እማየ ጠናባት። በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አውጥተን፣ በተገኘው መኪና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አስገባኋት። ስሄድ ወይኒቱንና የሦስት ሳምንት ጥጃዋን ላንቺ ሰጠሁ። አደራ አልሁሽ። እንደ ዓይኔ ነው የማያቸው አልሽኝ።

አሥራ ስምንት ቀን ሆስፒታሉ ወለል ላይ ተኛሁ። ሐኪሙ እማየን ሰውነትሽ አልቋል፣ ጾሙን ተይው አላት። እሷ መቼም የአባታችን ሚስት ናት፤ ከፋሲካ በፊት የላም ዘር አፌ አይገባም አለችው። በኒቆዲሞስ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ይዣት ተመለስሁ።

ወይኒቱ ከሩቅ ትሰማ ነበር። አጥሩን በደረቷ እየገፋች ታገሳለች። ጡቷ እንደ ድንጋይ ተወጥሯል፤ ብትነካ ትራገጣለች። ጥጃው ተቅማጥ ይዞት በሁለት ቀን ሞተ አልሽኝ። የእኛ አገር ላም ጥጃዋን ካላሰች ወተት አትለቅም፤ ይህን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። የሆላንድ ላም ያለ ጥጃ በመኪና ትታለባለች ብለሽናል። ወይኒቱ ሆላንዳዊት አልነበረችም።

ቆዳውን አጥሩ ላይ ሰቅለሽዋል። አወረድሁት፣ ጨው አሸሁት፣ ጭድ ሞላሁትና ሰፋሁት። እግሮቹን፣ ሆዱን ከላይ እስከ ታች፣ አንገቱም ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተከፈተውን። ቆዳ ሲገፈፍ ይቀደዳል፤ ያልለመደ እጅ ሲገፍፈው ደግሞ ይብሳል። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ክር ታቀብይኝ ነበር። ስጨርስ እጅሽን ስፌቱ ላይ አሳልፈሽ፣ «ጎሽ እታለም፣ አያስታውቅም» አልሽኝ።

ፊቷ ስናቆመው ወይኒቱ አሸተተችው፣ ላሰችው፣ ወተቷንም ለቀቀች። ያን ወተት ተሸክመሽ ወደ እንቁ ክፍል ሄድሽ። አዝዬ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝና አካሄድሽን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ትፈጥኚ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከስልሳው በላይ የተረፈውን እንቁ ለሰፈሩ ልቆርስ ብላ ሁሉን ጠራች። ቄስ መሐሪ ባረኩት፤ አንቺም በስለት ቆረጥሽው። ሽማግሌው ሁሉ እያላመጠ ይህ ነገር ሥጋ ነው ወተት ነው እያለ ይገረማል። አሥራ አንዱ ሴቶች ያን ያህል ጊዜ ሲነኩት ኖረው ገና መቅመሳቸው ነበርና ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ። እኔ የዚያን ዕለት ሆዴን አሞኝ ስለነበር አልቀመስሁም። እንቁ ለእማየ ትልቁን ቁራጭ በእጇ አስያዘቻት። እኔ ከእጇ ላይ አነሳሁባት፤ ሐኪሙ ከልክሏል አልሁ። እማየ ሰው ፊት እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ቤት ስንገባ ግን፣ «ሐኪሙ የተናገረው እኔ ፊት ነው፤ ከጾም ስትወጪ አይብ ብዪ ነው ያለኝ» አለችኝ። ሐኪም ነገሩን ይለዋውጣል ብዬ ጋቢዋን አለበስኋት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር የሚያሰኝ ዝምታ አለ፤ አንቺ አታውቂውም፣ አልነበርሽም።

አልነበርሽማ። በዳግማ ትንሣኤ ሳምንት መንገዱ ለሁለት ቀን ሲከፈት ስልሳውን አይብ ጭነሽ ባሕር ዳር ወረድሽ፤ ከዚያው አዲስ አበባ ገባሽ። እመለሳለሁ ብለሽ ነጠላሽን እንኳ ግድግዳው ላይ ትተሽ ነበር የሄድሽ።

ነገሩ የወጣው በጰራቅሊጦስ ነው። የእንቁ ታናሽ ወንድም ላቀው ጠላ ቤት ተቀምጦ ወንዶቹ ዶሮ እንኳ መባረክ አይችልም ብለው ሲያላግጡበት፣ እኔ በሁዳዴ ጥጃ አርጃለሁ አላቸው። ሳልባርክ፣ በስመ አብ ሳልል፣ ለሴቶቹ ወተት ማርጊያ ጨጓራው ስለተፈለገ አላቸው። የትኛዋ ሴት ናት ያዘዘችህ ሲሉት ሴቶቹ ናቸው ብሎ ጠጣ። በነጋታው አገሩ ሁሉ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ላቀው ለጉልበት ሥራ ወደ ቆላ ወረደ፤ እስከ ዛሬ ድምፁ የለም።

ሰው ምን ይበል? ላቀውን ከእህቱ በቀር ማን ያዘዋል አለ። የክፍሉ ቁልፍ ማን አንገት ላይ ነው አለ። እንቁ ወንጌል ይዛ ማለች፤ አላመኗትም። ቄስ መሐሪ ያን በክት በልተው ስንት ጊዜ ቅዳሴ ገብተዋል፤ ሽማግሌው ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ አየሁ። የበላው ሁሉ ንስሐ ገባ፤ ሲሰግድ፣ ጠበል ሲረጭ ሰነበተ። ክፍሉ ውስጥ የቀረውን አይብ፣ ዱቄት የረጋውንና ጨጓራ የረጋውን የሚለይ ስላልነበረ ሁሉንም ገደል ከተቱት። ከዚያ ወዲያ ከእንቁ ጋር እሳት የሚጫጫር ጠፋ። ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ ይመለሳሉ።

እኔ ቤትም መጣች። አልተቀመጠችም፣ በር ላይ ቆማ፣ የሞተው ያንቺ ቤት ጥጃ ነው፣ በሽታ ነበር ወይስ ቢላ፣ ያየሽው ነገር ካለ ተናገሪልኝ አለችኝ። እኔ ሆስፒታል ነበርሁ አልኋት። ውሸት አልተናገርሁም። ሆስፒታል ነበርሁ። ትንሽ ቆማ አየችኝና እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሄደች። ክረምቱ ሳይገባ ላሞቿን እየነዳች ዱርቤቴ አክስቷ ዘንድ ሄደች። አሁን ከብት ገበያው አጠገብ ሻይ ታፈላለች ይባላል።

የወይኒቱንም ልንገርሽ፤ ስሟ ስለሚያስፈልግሽ። ሙቀቱ ሲበረታ ቆዳው ሸተተ። መላስ ተወችው፤ ወተቷም ነጠፈ። ከዚያ በኋላ አልጸነሰችም። ነጋዴ ሲነዳት ወደ ኋላ ዞራ አላየችም። እንግዲህ ሰው ትርጉሙን ሲጠይቅሽ ይህንንም ጨምረሽ ተርጉሚላቸው።

እማየ አምና ጥር ላይ ስታርፍ ስምሽን ጠርታለች። መንገድ አልነበረም፣ አልመጣሽም፤ በዚህ አልወቅስሽም። እንቁ ግን ከዱርቤቴ መጣች። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሯ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ አለቀሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ገዛ እናቷ ነው ያለቀሰችላት። ማንም ወደ እሷ አልሄደም። እኔም ለቀስተኛ መሀል ነበርሁ፤ እንዴት ብዬ ልሂድ?

አሁን ደግሞ አንቺ ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ ትያለሽ። በአውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ከዚያ በመኪና። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆመሽ ልትናገሪ። «እታለም፣ እውነቱን አብረን እንናገርና እንቁን እናውጣት» ብለሽ ጽፈሻል። አብረን የምትይው ማንን ጨምረሽ እንደሆነ አልገባኝም። ላቀውን ማን አዘዘው? አንቺ። ጨጓራውን በጨው አሽቶ ያደረቀው የማን እጅ ነው? ያንቺ። ሌላ ሰው ምን አደረገ? ምንም። ምንም ያላደረገን ሰው አብረን አይሉትም። «አንቺም ከኔ ያላነሰ ጭንቀት ላይ እንዳለሽ አውቃለሁ» ያልሽውን ደግሞ በቀለም ሰርዤዋለሁ፤ ወረቀቱ ልጆቼ እጅ ቢገባ እንዳያነቡት።

አዲስ አበባ ተቀምጦ እውነት መናገር ቀላል ነው። ተናግረሽ ትሄጃለሽ፤ ነጭ ካፖርትሽን ትለብሻለሽ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሴቶቹ እንደገና ተሰባስበዋል። የፈረንጅ ነገር ቀርቶብን ቅቤና የኛን አይብ ብቻ እንሠራለን። ሰብሳቢ አድርገው የመረጡት እኔን ነው። ያን ቀን ከሁላችን አንቺ ብቻ አልቀመስሽም፣ እግዚአብሔር ለይቶ የጠበቀሽ ሴት ነሽ አሉኝ። ቄስ መሐሪም ሰው ሁሉ እየሰማ ይህንኑ ተናገሩ። ለልጃቸውም ልጄን ያምሮቴን ጠይቀው ሽማግሌ ልከዋል። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ነው። ልጄ ሌላ ነገር አታውቅም፤ ቀሚሷን እያሰፋች ነው። አንቺ በዚያው ወር ቆመሽ አፍሽን ልትከፍቺ ነው።

አትምጪ። ሙት ዓመቱን እኔ አወጣለሁ። ድግሱንም፣ ፍትሐቱንም እኔ እችላለሁ። ከመጣሽም ቤቴ አትገቢም፤ ሰው ፊት ብትስሚኝ ጉንጬን አልሰጥሽም። እህት አለችኝ ብዬ ማውራቱ ከእንግዲህ በቃኝ። ያን አይብም ስሙን ቀይሪው። የራስሽን ስም ስጪው፤ ያንቺ ሥራ ነውና ያምርበታል።

ይህን ጽፌ ሁለት ቀን አስቀመጥሁት። ልቅደደው አልሁና አልቀደድሁትም። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ቄስ መሐሪ ለመቁረብ መቼ ነው የምትዘጋጂው ብለው ጠየቁኝ። ዓመት ተመንፈቅ ሆነኝ እያሳበብሁ። ሠርጉ ይለፍና አልኋቸው። እሳቸውም ደጉ ሰው፣ ልጄ ካንቺ የተሻለ የተዘጋጀ ማን አለ ብለው መስቀሉን አሳለሙኝ። ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ይህን ለምን እንደምነግርሽ አላውቅም።

እግርሽ አልታዘዝም ብሎ ከመጣሽ፣ ከባሕር ዳር ስትወጪ ዱርቤቴ ከእኛ ይቀድማል። እዚያ ውረጂ። ከብት ገበያው አጠገብ ጠይቂ፣ ያሳዩሻል። እሷ ፊት ተንበርከኪና ያንቺን ንገሪያት። ያንቺን ብቻ። የሌላ ሰው አትጨምሪበት። የቀረ ነገር ካለ ባለቤቱ የራሱ እግር አለው።

የእማየን ነፍስ ከደጋጎቹ ያኑርልን። አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ፤ እጅሽን ከሥራ፣ ገበታሽን ከበረከት አይለየው። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው፣ ሌላውንም ያልሁሽ ከልቤ ነው።

እታለም ትይኝ የነበርሁት፣
ታላቅ እህትሽ